ጁዲት ጃሚሰን 15 ዓመት፣ ዱድሊ ዊሊያምስ 40 ዓመት፦ ኤይሊ ቤት ጉልበት እንዴት ይዘልቃል?

እስክስታ_ቦሌ
ሰላም ለቤቱ። የኒውዮርኩን የአልቪን ኤይሊን የዘመናዊ ዳንስ ቡድን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ስላሉ ነው የምጠይቀው። ጁዲት ጃሚሰን በ1965 ገብታ በ1980 ወጣች (እዚህ ቀኑም ወሩም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ዱድሊ ዊሊያምስ ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ ገባ፤ እስከ 2005 ግን መድረክ ላይ ነበር። ሁለቱም የቡድኑ ፊት ነበሩ። ሁለቱም የቡድኑን ታዋቂ ሥራ «ሪቨሌሽንስ»ን ስንቴ እንደሠሩት ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ታዲያ አንዱን 40 ዓመት ያቆየው ምንድን ነው? ሰውነቱ፣ ሥልጠናው ወይስ የሚሰጠው ሥራ? «ተሰጥኦ ነዋ» ብላችሁ እንዳትገላግሉኝ።

የመድረክ_ጀርባ
የሚሰጠው ሥራ ነው።

ኤይሊ ቤት እንደ ባሌት ቡድኖች ማዕረግ የለም፤ ፕሮግራሙ ላይ ስም የሚሰፍረው በፊደል ተራ ነው። ሌላው የኒውዮርክ ዘመናዊ ዳንስ ቡድን፣ ማርታ ግራሃም ቤት፣ ማዕረግ አለ። እዚህ ግን ማን ዋና እንደሆነ የሚታወቀው የትኛው ሶሎ (ብቻን የሚሠራ ዳንስ) ላይ እንደተመደበ በማየት ነው። ይህ ደግሞ መዘዝ አለው፦ ማዕረግ የሚከልለው ስለሌለ፣ ከባድ ሶሎ የሠራ ሰው በዚያው ምሽት ከቡድኑ ጋር ሊሰለፍ ይችላል። «ሪቨሌሽንስ» ወደ 36 ደቂቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ምሽቱን የሚዘጋው እሱ ነው። ሰውየው ሲደክም ነው ዋናው ሥራ የሚመጣው።

አሁን ጃሚሰንን ተመልከቱ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ78። ግንቦት 4 ቀን 1971 ኒውዮርክ ሲቲ ሴንተር «ክራይ» ቀረበ፤ አንዲት ሴት፣ 16 ደቂቃ፣ መሀል ላይ ወጥቶ ውሃ መጠጣት የለም። ኤይሊ ለእናቱ የልደት ስጦታ ብሎ የሠራው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ተመልካቹ ጃሚሰንን ማየት ማለት «ክራይ»ን ማየት አድርጎ ወሰደው። ዊሊያምስ ላይ እንዲህ ያለ ጭነት አልወደቀም። የሚታወቅባቸው ሁለቱ ሥራዎች «አይ ዋና ቢ ሬዲ» የተባለው የ«ሪቨሌሽንስ» ሶሎና የ1972ቱ «ላቭ ሶንግስ» ናቸው፤ የሚኖሩት በዝላይ ሳይሆን በቁጥጥር ነው። ዝላይ ከ35 በኋላ ይከዳል። ቁጥጥር ግን አይከዳም።

ናዝሬት_ፊዚዮ
የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አልስማማም። ቁጥጥርም ይከዳል፤ የሚከዳው በሌላ በኩል ነው እንጂ።

«አይ ዋና ቢ ሬዲ»ን ያየ ሰው «ወለል ላይ ነው፣ ቀላል ነው» ይላል። ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በመቀመጫው ጫፍ ላይ፣ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ነው፤ እዚያው ላይ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ተኝቶ በሆዱ ጉልበት ብቻ ይነሣል። ኤይሊ ከመምህሩ ከሌስተር ሆርተን ከወረሰው የሥልጠና ስልት የመጣ ሚዛን ነው። እዚያ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፦ ሆድ ሲደክም የዳሌ ማጠፊያው ጡንቻ ሥራውን ይረከባል፣ የታችኛው ወገብ ይጎብጣል፣ አገጭ ወደ ፊት ይወጣል፣ ታፋ ይንቀጠቀጣል። ተመልካቹ መንቀጥቀጡን ስሜት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ትንፋሽ መያዝ ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ጉልበት ታጥፎ፣ ቅልጥም ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ 20 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ክብደቱ የሚያርፈው ከመቀመጫ አጥንቶቹ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ጭራ አጥንቱ ጫፍ ላይ ከተቀመጥክ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትበልዛለህ፣ ከዚያ መኪና ውስጥ መቀመጥም ያቅትሃል። ያ ሲረጋ አንድ እግር መዘርጋት፣ ቀጥሎ ሁለቱንም፣ ክንድ መጨረሻ ላይ። መነሣት ሁልጊዜ ትንፋሽ እያወጡ ነው። ልምምድ ላይ ስስ ምንጣፍ ይፈቀዳል። መድረክ ላይ የለም።

እስክስታ_ቦሌ
@ናዝሬት_ፊዚዮ ታዲያ ዊሊያምስ 60 ዓመት አልፎት እንዴት ያዘው?

ናዝሬት_ፊዚዮ
ሁለት ነገር። አንደኛ፣ በ1960ዎቹ ግራሃም ቤትም ይሠራ ነበር። የግራሃም ክፍል ረጅሙ ክፍሉ ወለል ላይ ነው፤ ሆድን ወደ ውስጥ መኮማተር፣ መልቀቅ፣ አከርካሪን መጠምዘዝ። ሆርተን ደግሞ ቀጥ ያለ ጀርባና የጎን ዝርጋታ ይሰጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ወገቡ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይለምድም። ሁለተኛው ቀላል ነው፦ ያንኑ ሶሎ ሳያቋርጥ ሠራው። በ60 ዓመት አዲስ ከባድ ነገር መጀመር አይቻልም፤ ሳይቋረጥ የቆየን ነገር ማቆየት ግን ይቻላል። አንድ ዓመት ቢተወው ኖሮ አይመለስለትም ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጃሚሰን የወጣችው ጉልበቷ ስላለቀ ነው ሲባል እሰማለሁ።

የመድረክ_ጀርባ
የወጣችው ወደ ብሮድዌይ ነው። «ሶፊስቲኬትድ ሌዲስ» የተባለው የዱክ ኤሊንግተን ሙዚቃ ትርኢት በ1981 ተከፈተ፣ እሷም ከዋናዎቹ አንዷ ነበረች። በሳምንት ስምንት ትርኢት የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ጉልበቱ ያለቀ ሰው እዚያ አይሄድም። በ1984 ለኤይሊ ቡድን «ዲቫይኒንግ» የተባለውን ዳንስ ፈጠረች፣ በ1988 የራሷን ቡድን አቋቋመች፣ ኤይሊ በታኅሣሥ 1989 ሲሞት ቤቱን ተረክባ እስከ 2011 መራች። ያረፈችው በኅዳር 2024 ነው። ስለዚህ 15 ዓመት የሚባለው የእግሯ ዘመን ብቻ ነው፤ ከቤቱ ጋር ያላት ዘመን ከዊሊያምስ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ደግሞ 15 ዓመቱም የተቆረጠ ነው። በ1966 ቡድኑ ገንዘብ አልቆበት ተበተነ፣ እሷ ወደ ሃርክነስ ባሌት ሄዳ በ1967 ነው የተመለሰችው።

ባዶእግር
ስለ «ክራይ» በጅምላ ስለሚወራ እኔ ዝርዝሩን ላስቀምጥ። ሦስት ክፍል አለው፣ የሦስቱ ድካም አንድ አይደለም።

አንደኛው በአሊስ ኮልትሬን ሙዚቃ ነው። ሴትዮዋ ረጅም ነጭ ጨርቅ ይዛ ትገባለች። ጨርቁ ወለል መወልወያ ይሆናል፣ ነጠላ ይሆናል፣ ራስ ላይ ይጠመጠማል። ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያወራል፣ እኔ ግን የማየው እጇን ነው። ጨርቁ ሲዘረጋ ጠርዙ መታወቅ አለበት፤ የተሳሳተውን ጠርዝ ከያዘች ቀጥሎ ሲጠመጠም ይጣመማል፣ ማቃናት ደግሞ ሁለት ምት ይበላል። ከዚያ ላብ አለ። መዳፍ ሲረጥብ ጨርቅ ይጣበቃል፣ ልትለቀው ስትል አይለቅም። በባዶ እግር የጨርቁን ጫፍ መርገጥም የታወቀ አደጋ ነው፤ መፍትሔው ወደ ጎን ስትንቀሳቀስ እግርን ማንሸራተት ሳይሆን አንሥቶ ማስቀመጥ ነው። ልምምድ ላይ የሚሠራበት ጨርቅ በመጠንም በክብደትም መድረክ ላይ የሚወጣው ራሱ መሆን አለበት። በአንሶላ ተለማምዶ በመድረኩ ጨርቅ መውጣት ማለት ሌላ ዳንስ መሥራት ነው።

ሁለተኛው የሎራ ኒሮ ዘፈን፣ ዝግተኛውና ሐዘንተኛው ነው። ጀማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ሙዚቃው ሲዘገይ ያርፉ ይመስላቸዋል፣ ግን መኮማተሩና ክንድ መወርወሩ ትንፋሽን ይጨርሳል። እዚህ ላይ በስሜት የተሟጠጠች ሴት ለሦስተኛው ምንም አይተርፋትም።

ሦስተኛው ፈጣኑ ነው፣ ማብቂያ የሌለው የሚመስል። ዳሌና ትከሻ፣ ዙር፣ ቀሚሱን የሚገልጥ ርግጫ። ዘርፋፋው ቀሚስ በላብ ሲረጥብ ይከብዳል፣ በዙር ላይም ሰውነትን ይጎትታል። ዙሩ ሲያልቅ ቀሚሱ ገና አልቆመም፤ ያንን ግማሽ ምት ቀድመው ካላሰቡት ሚዛን ይወስዳል።

የልምምዱ ቅደም ተከተል እንደ እኔ ከኋላ ወደ ፊት ነው። ሦስተኛውን መጀመሪያ አጽዳ። ቀጥሎ ሁለተኛና ሦስተኛን አያይዘህ አሂድ። ሙሉውን ማስኬድ መጨረሻ ላይ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። ጃሚሰን ራሷ ከመጀመሪያው ትርኢት በፊት ሙሉውን ሳታቋርጥ አሂዳው አታውቅም፤ ስምንት ቀን ገደማ ነበር ተሠርቶ ያለቀው። ለእሷ ሆነ። ለሌላ ሰው አይመከርም።

ጀርባ_ቀጥ
@ባዶእግር ግሩም ነው። አንድ ልጨምር፦ በኋላ ዘመን ሦስቱን ክፍሎች ሦስት ሴቶች የተካፈሉባቸው ምሽቶች አሉ። ብዙ ሰው ዕድሉን ለብዙ ሴቶች ለማዳረስ ነው ይላል። ለእኔ ግን የጭነት ሒሳብም አለው፤ ሲቲ ሴንተር ላይ የታኅሣሡ ወቅት ወደ አምስት ሳምንት ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ለሦስት ሲካፈል ግን ነገሩ ይጠፋል። የሥራው ጉልበት ያቺው አንዲት ሴት ደክማም መቀጠሏ ነው።

ጀርባ_ቀጥ
እስማማለሁ። ግን በአምስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቁርጭምጭሚት ማጣትና አንድ ማጣት ይለያያል።

እስክስታ_ቦሌ
ወደ አካሉ እንመለስ። በባዶ እግር 15 ዓመት መሥራት ውስጥ እግርን ምን ያደርገዋል? እኛ አገር የባህል ምሽት ቤት ውስጥ ሴራሚክ ላይ ነው የሚጨፈረው።

ናዝሬት_ፊዚዮ
ሁለቱን እንለያቸው፤ ቆዳው ሌላ፣ አጥንቱ ሌላ።

ቆዳው። የሚሰነጠቀው ከአውራ ጣት ሥርና ከትናንሽ ጣቶች መታጠፊያ ሥር ነው። ምክንያቱ ወፍራም ቆዳ ጠርዝ ሲሠራ፣ በዙር ላይ ጠርዙ ወለሉን ይነክስና ይቀደዳል። ወፍራሙን ቆዳ ሙሉ በሙሉ መፋቅ ስሕተት ነው፣ እሱ ጫማህ ነው። ጠርዙን ብቻ በድንጋይ አስተካክል፣ ከሻወር በኋላ ለስልሶ ሳለ። ከተሰነጠቀ በሳሙና አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ በፕላስተር ጠቅልል። ፕላስተሩ ላብ ላይ አይዝም፤ መጀመሪያ ቤንዞይን ቲንክቸር ቀብተህ እስኪደርቅ ጠብቅ። የፕላስተሩ ጫፍ ከውስጥ እግር በታች እንዳያልቅ፣ እዚያ ካለቀ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ከላይ፣ እግር ጀርባ ላይ ይጨርስ። ተራ ሱፐር ግሉ የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ይቆልፍበታል። ለሕክምና የተሠራ የቆዳ ማጣበቂያ አለ።

አጥንቱ። እዚህ ነው ሴራሚኩ የሚመጣው። ከሥሩ ሲሚንቶ ያለበት ወለል ዝላይን አይውጥም፣ ኃይሉ ቅልጥምና የእግር አጥንቶች ላይ ይመለሳል። ቅልጥም ላይ በአንድ ጣት የምትጠቁመው ሕመም ካለ፣ ሌሊትም ካመመ፣ ተራ የጡንቻ ድካም አድርገህ አትለፈው። የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እሱ በማሸት አይድንም፣ በእረፍት ነው፣ ሳምንታት ይፈልጋል። የጡንቻ ሕመም ሰፊ ነው፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ስንጥቅ ግን ሲሠሩበት ይብሳል።

ባዶእግር
ወለሉ ላይ ጨምሬ፦ ቪኒል ምንጣፍ ሲነጠፍ «ወለሉ ተስተካከለ» የሚሉ አሉ። ቪኒል የሚሰጠው እግር አያያዝ ብቻ ነው። ዝላይ የሚውጠው ከሥሩ ያለው ባለ ስፕሪንግ የእንጨት ወለል ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከጓደኛህ ሁለት እርምጃ ርቀህ ቁም፣ እሱ ይዝለል፣ በውስጥ እግርህ ይሰማሃል። ካልተሰማህ ሲሚንቶ ነው፤ በዚያ ምሽት ዝላዮቹን ማሞቂያ ላይ በግማሽ ቀንስ።

ቪኒል ላይ ሮዚን (እንዳያንሸራትት የሚረጭ የሙጫ ዱቄት) አይደፋም። ለባሌት ጫማ እንጨት ላይ ነው የተሠራው፤ ባዶ እግር ላይ ሲጣበቅ ቆዳውን ይዞት ይቀራል። ወለሉ ካንሸራተተ በርጥብ መወልወያ ይወልወል። የድሮ የመድረክ ሰዎች ኮካኮላ በውሃ አቅጥነው ይወለውሉ ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ከበዛ ዝንብ ይጠራል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
😂 ዝንቡ እውነት ነው

የመድረክ_ጀርባ
ዕድሜ ላይ እንመለስ። ዊሊያምስ ልዩ ብቻ አይደለም። እዚያው ኤይሊ ቤት ረኔ ሮቢንሰን በ1981 ገብታ በ2012 ነው የወጣችው። ማቲው ራሺንግ በ1992 ገባ፣ በ2010 የልምምድ ዳይሬክተር ሆኖ አልፎ አልፎ እየሠራ ቀጠለ። ሆላንድ ውስጥ የዳንስ ፈጣሪው ዪርዚ ኪሊያን በሚመራው ቤት ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑ ተወዛዋዦች ብቻ ሦስተኛ ቡድን አቋቁሞ ነበር፣ ከ1991 እስከ 2006። ዊሊያምስም ከካርመን ዴ ላቫላድና ከጉስ ሰለሞንስ ጋር «ፓራዳይም» የሚባል የአንጋፎች ቡድን ነበረው።

ሁሉም ውስጥ የማየው አንድ ነው። ሰውየው ዕድሜው ሲገፋ ሥራ የሚቀንሰው ራሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ተወዛዋዥ «ይህን ዝላይ ተዉልኝ» ብሎ አይጠይቅም፣ ካልጠየቀ ደግሞ ይጎዳል። ጥሩ የልምምድ ዳይሬክተር ግን በሁለተኛው ሳምንት ያየዋል፦ ከዝላይ ሲያርፍ ተረከዙ ዘግይቶ ይነካል፣ በሁለት እግር የሚጀመረውን ዝላይ በአንድ እግር ብቻ መግፋት ይጀምራል። ያኔ ከዝላዩ ክፍል አውጥቶ ዱዌት (የሁለት ሰው ዳንስ) ይሰጠዋል። የ«ሪቨሌሽንስ»ን «ፊክስ ሚ ጂሰስ» አስቡ፣ ሁለት ሰው፣ ዝላይ የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ሴቷን ደግፎ ማቆም ጀርባ ይጠይቃል።

ናዝሬት_ፊዚዮ
እውነት ነው፣ ግን ዱዌት ሲሰጠው የወንዱ ወገብ አዲስ ጭነት ያገኛል። በዝላይ ፋንታ ማንሣት። ስለዚህ ከሦስት ወር በፊት ኃይል መሥራት ይጀምራል እንጂ ምደባው በተለጠፈበት ቀን አይደለም። ሴቷን ለማንሣት ወገቡን ከሚያጎብጥ ይልቅ ጉልበቱን አጥፎ ከሥሯ መግባት አለበት፤ ሴቷ በበኩሏ ሆዷን ካልያዘች 50 ኪሎ እንደ 70 ይከብዳል።

እስክስታ_ቦሌ
ለእኛ ልጆች ምን ይመክራሉ? አዱኛ የተባለው የአዲስ አበባ ዳንስ ቡድን ውስጥ ከነበሩት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ «ዴስቲኖ» የተባለ የዳንስ ቡድን አቋቁመዋል፣ መንገዱ እንዳለ ታይቷል። ግን አብዛኛው ተወዛዋዥ በምሽት ቤት ነው የሚኖረው፣ በአንድ ሌሊት የስንት ብሔረሰብ ጭፈራ ልብስ እየቀየረ።

ናዝሬት_ፊዚዮ
እዚያ ላይ ትልቁ ችግር ማሞቂያ የለም፣ ከዚያ ደግሞ በየመሀሉ መቀዝቀዝ አለ። 10 ደቂቃ ሠርተህ 20 ደቂቃ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቁጭ ስትል ጅማትህ ይቀዘቅዛል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው። ክፍሉ ውስጥ ካልሲና ሱሪ ደርበህ ቁም፣ በየጥቂት ደቂቃው 15 ጊዜ በጣት ጫፍ ውጣ ውረድ። እስክስታ አንገትን የሚጎዳው ትከሻ ሳይላቀቅ በአንገት ሲመነጠቅ ነው። ትከሻ ይንዘር፣ አንገት ይከተል።

ተረከዝ በላይ ያለው ጅማት መመዘኛ አለው፦ በአንድ እግር ቆመህ፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ በጣት ጫፍ ሙሉ ከፍታ 25 ጊዜ። ሁለቱም እግር ላይ ካልደረስክ ዝላይ አትጨምር። ከፋሲካ ዕረፍት ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ጅማታቸው የሚያብጠው ለዚህ ነው፤ ጾሙ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው። ሁለት ሳምንት ካረፍክ የመጀመሪያው ሳምንት ዝላይ ግማሽ ይሁን።

ጀርባ_ቀጥ
ሆርተን መሞከር ለሚፈልግ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዩቲዩብ ላይ አይቶ «ሂንጅ»ን ቆሞ የሚጀምር አለ። አትጀምሩት። ቆሞ ሲሠራ ተረከዝ ይነሣል፣ ጉልበት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከጉልበት እስከ ራስ አንድ መስመር ሆኖ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ጭነቱ ሁሉ ጉልበት ላይ ነው።

እስክስታ_ቦሌ
ታዲያ ከየት ይጀመር?

ጀርባ_ቀጥ
በጉልበት ተንበርክከሽ። ከጉልበት ሥር ምንጣፍ፣ ጉልበቶች በዳሌ ስፋት። መቀመጫሽን አጥብቂ፣ የጎድን አጥንት አይከፈት፣ ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ እንዳልሽ አንድ ስንዝር ብቻ ወደ ኋላ ሂጂና ተመለሺ። አምስት ጊዜ፣ በሁለት ቀን አንዴ። ዳሌ ላይ ከታጠፍሽ ርቀቱ በዝቷል ማለት ነው። የጭን ፊት መቃጠል ጤናማ ነው። ከጉልበት ቆብ ሥር የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን እዚያው አቁሚና ርቀቱን በግማሽ ቀንሺ፤ በሚቀጥለውም ከመጣ ለፊዚዮ አሳዪው።